ሞራ የበላው ጎሚኒ

ገነተ ማርያም፣ ላስታ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለውባንቺ
ደሴ፣ ልጃችን ሰሎሞን ቤት

እንደምን ከረምሽ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ላሚቱም ወልዳለች። ስልክ ስደውል ሰሎሞን እያነሣ «እማዬ ተኝታለች» ይለኛል። በጠራራ ፀሐይ የምትተኚ ሴት አልነበርሽም። ስለዚህ የወንድሜን ልጅ ትሕትናን አስቀምጬ አጽፋለሁ። ቃሌን እንዳታሳምር አስጠንቅቄያታለሁ።

ፒካፕ መኪናችንን ካልሸጥሁ እንደማትመለሺ ልከሽብኛል። መልሴ ይኸው፤ አልሸጥም። ምክንያቱንም ስሚ።

ያን ቀን ከጋሸና ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ የኋላዋ ሲዋልል አስቆምሽኝና፣ ከኋላ ለተጫነው ሰው ሁሉ «ይሄ ሰው እጁ አርጅቷል! ሳይደፋን ውረዱ!» ብለሽ ጮኽሽ። እኔን! ዕድሜዬን መሪ ላይ የጨረስሁትን! ሰዉ ተከትሎሽ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ተሳላሚ እንኳ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ባለፈው ሰሞን ጋሸና፣ መካኒኩ ኢያቄም ዘንድ ወሰድኋት። የኋላዋን በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቃት። አንዴ ተነሥታ መቆም ሲገባት ትዘል ጀመር። «ንጥረቷን የሚያበርደው አሞርዛተር አልቋል አያ አድማሴ፤ ግን እሱ ብቻ እንዲህ አያዋልላትም» አለኝ። በክሪክ አነሣትና ከሥር ገባ። ብረት አስገብቶ ጭነቷን የሚሸከመውን ንብርብር ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ሲፈለቅቀው ጫፉን የሚይዘው ጎማ፣ እነሱ ጎሚኒ የሚሉት፣ ውኃ እንደ ነካው ዳቦ ፈርሶ ወደቀ። ባሌስትራው የሚይዘው አጥቶ ወዲያና ወዲህ ይል ኖሯል። የሚያዋልላት እሱ ነው። እጄ አይደለም።

ኢያቄም ጣቱን አሸተተ። «ይሄ ግሪስ አይደለም። ምን ቀባችሁት?» ደግሞ አሸተተና ሳቁ አመለጠው። «ሞራ! የፍየል ሞራ! አያ አድማሴ፣ ሊያርሱባት ነበር እንዴ? ጎሚኒ እኮ ቅባት ይበላዋል!» ጋራዡ ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ወገቤን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ትዝ አለኝ። የኋላዋ ሲጥሲጥታ ጆሮዬን አደነቆረው እያልሁ ሳማርር ትሰሚ ነበር። ድኜ ስነሣ ሲጥሲጥታው የለም። ለቀንበሩ ጠፍር ማለስለሻ ያስቀመጥነው ሞራም ከቅሉ ጎድሎ አየሁ፤ ድመት በላው አልሁ። ጠፍር ያለሰለሰ ጎማም ያለሰልሳል ብለሽ፣ በዚያ ጉልበትሽ መኪና ሥር ገብተሽ ቀብተሻል። አልነገርሽኝም። በገዛ ሞራሽ ስትዋልል ግን የከሰስሽው እጄን ነው።

ትሕትና «ጋሼ፣ ይቺን ብተዋትስ?» ትለኛለች። ጻፊ ብያታለሁ።

ኢያቄም «ማነው የቀባው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሚስቴ ናት» ብል እዚያው ስሜ ይነጻ ነበር። «እኔ ነኝ» አልሁ። አሁን አገሩ «እጁም አርጅቷል፣ ጭንቅላቱም» ይላል። ይበል። አንቺ በሰው ፊት እኔን አዋረድሽ፤ እኔ ሚስቴን የጋራዥ መሳቂያ አላደርግም።

ጎሚኒውም አሞርዛተሩም ተለውጧል። ያንኑ ቁልቁለት ባዶዋን ነድቻት ወረድሁ፤ ቀጥ ብላ መጣች። ያየልኝ ሰው የለም።

ለገና ተሳላሚ ፍለጋ ጋሸና መኪና ተራው ላይ እቆማለሁ። የደሴው አውቶብስ እዚያው ነው የሚያራግፈው። ሰው ባገኝ ከኋላ እጭነዋለሁ። የፊቱን ወንበር የተቀመጠበት የለም። ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። የበሩ እጀታ ዘዴው ጠፍቶ ከአንቺ በቀር ለማንም አልከፈት ስላለ ነው። ኢያቄም ላስተካክለው ቢለኝ «ተወው» አልሁት።

ላሊበላ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ለሰሎሞን ቤት ሰላም ይስጥ።

ባልሽ አድማሴ ወልደ ሰንበት
የአውራ ጣቴ ምልክት ከዚህ በታች ነው