ፒካፑና ያልተነበበው ገጽ

ግንቦት 27

ስምንት ሰዓት ላይ ከማሳ ተመለስኩ። በማሳ ጎረቤታችን በአያ አራጌ የአህያ ጋሪ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኜ። ፒካፑን ይዞ እንዲመጣ ታላቅ ወንድሜ ኡበይድ ጋ አራት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳም።

የግቢውን በር ስከፍት ፒካፑ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ ትንሽ ነጭ አውቶሞቢል ቆማለች። ከሥሯ የፒካፑ የዘይት ጠብታ ገና አልደረቀም።

"አያ፣ የማን ናት?"

"የኛ።" አለ ወንድሜ መስታወቷን እየወለወለ። ፊቱንም አላዞረም። "ዋጃ ካለ ነጋዴ ጋር ተለዋወጥኩ። ሚኪያስ ይባላል። ትንሽ ጨምሮልኛል።"

አባታችን ሲሞት ለሦስታችን የተወው ፒካፕ... ለእማ፣ ለእሱ፣ ለእኔ።

"ማንን ጠይቀህ?"

"አንቺን። ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያሰላሽው?" ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ። ከነዳጅ ደብተሬ የተቀደደ።

ግንቦት 28

ደብተሩን አየሁት። የቀደደው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው።

ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ መዘገብኩ። አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለምን ሆነና? የመጀመሪያው ገጽ፦ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር? ፒካፑ ስምንት፣ የጎረቤታችን አውቶሞቢል አሥራ ስድስት። እውነት ነው፣ አልክድም። የሚቀጥለው ገጽ ደግሞ፦ ነዳጁ የት ሄደ? ምን ሠርቶ ተመለሰ? ሽንኩርት። ማዳበሪያ። ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ። እና ጎብዬ ከተማ... ጎብዬ... ጎብዬ። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሊቅም፣ ባዶ ፒካፕ እየነዳ። ከናፍጣው ሲሶው።

አንዱን ቀዶ ሌላውን ትቶታል። አንብቦታል ማለት ነው።

ሰኔ 2

ፍርዴ ትክክል እንዲሆን ትንሿን ራሴ ነዳኋት። እስከ ዋጃ ደርሼ ተመለስኩ። ድምፅ የላትም፣ ቤንዚኑ የተነካ አይመስልም። ጥሩ መኪና ናት። ለአስፋልት።

ከዚያ ወደ ጎሊና ወንዝ ወሰድኳት፣ ማሳችን ማዶ ነዋ። ገና ከአስፋልቱ ስትወርድ ሆዷ ድንጋይ ፋቀ። ሁለት ጆንያ ብጭንባት ኋላዋ መሬት ሊነካ ደረሰ። ፒካፑ ሃያ ይጭን ነበር። ታዲያ የቱ ነው ቁጠባው? አንድ ሊትር ቆጥቦ አሥር ጊዜ መመላለስ?

ሰኔ 9

ሽንኩርቱ ማሳ ላይ መበስበስ ጀመረ። ኡበይድ ምሳ ላይ፦ "ለናፍጣ ሦስት ቀን ማደያ የምሰለፈው እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም።" እውነቱን ነው፣ ይሰለፋል። ግን የተሰለፈበትን ናፍጣ የት አደረገው?

አልጠየቅኩትም። እማ ዝም በይ እያለች በዓይኗ ስትጠቅሰኝ ዋለች። ለምን ዝም አልኩ?

ሰኔ 16

ሚኪያስ ወረቀት ይዞ መጣ። የፒካፑ ሊብሬ አሁንም በአባቴ ስም ነው። ስም ለማዛወር የሦስታችንም ፊርማ ያስፈልጋል። እማ ፈርማለች። "ለሰላም ብዬ ነው ልጄ።" የማን ሰላም?

"አልፈርምም" አልኩ።

ሚኪያስ ጨዋ ሰው ነው፣ አንገቱን ደፋ። ኡበይድ ግን ሳቀ። "በሸሪዓው ሁለት እጁ የኔ፣ አንድ እጅ የሷ። እሺ ፈሪሀ፣ የትኛውን ጎማ ትፈልጊያለሽ? ስኮርታውን፣ ትርፉን ጎማ?"

ለምስክርነት የተቀመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ሳቁ። እማ እንኳ ፈገግ አለች።

ድርሻዬ ማነሱን አላህ ደንግጎታል፣ እሺ። አለመጠየቄን የደነገገው ማነው?

ሰኔ 17

ከዛሬ ጀምሮ ስጠራው እንኳ "አያ" አልለውም። ኡበይድ።

ሐምሌ 11

ሸህ ዒምራን አስጠሩኝ። ሰፈር ሲጣላ የሚያስታርቁ አባጋር ናቸው፣ እሳቸው ጠርተው የቀረ የለም። ሄድኩ።

"ልጄ፣ መኪና ብረት ነው። ወንድም በብረት አይለወጥም።"

"የለወጥኩት እኔ አይደለሁም ሸህ።"

መቁጠሪያቸውን አነሡ፦ "እስኪ አስቢበት።" ለእሱስ "አስብበት" ብለውት ይሆን? ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩ። በማፈሬ ደግሞ እስካሁን እየነደድኩ ነው።

ሐምሌ 19

ትከሻዬ አብጧል።

ጠዋት አላምረው ደወለ፣ ከወንዙ ማዶ። ሚስቱ ቆንጅት ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። "ፒካፑን ላኩልን" አለ። መለወጡን አልሰማም። ማዶዎች ቃሬዛቸውን የሰቀሉት አባቴ ፒካፑን የገዛ ዓመት ነው። "ከእንግዲህ ሰው በሰው ትከሻ አይመጣም" ብሎ ቃል ስለገባላቸው። ቃሉም የመኪናው ዕቃ ነበር... ኡበይድ አብሮ ለወጠው።

ሐቁን ልጻፍ፣ ኡበይድ አላመነታም። ቁልፉን አንስቶ ሮጠ። እኔም ገባሁ። ጎርፉ አልፎ ነበር፣ አሸዋው ግን ረጥቧል። የወንዙ መሃል ሳንደርስ ጎማዋ ባለበት ተሽከረከረ።

"ነዳጅ አትስጣት፣ ትቀበራለች።"

ሰጣት። እስከ ሆዷ ተቀበረች።

ያን ጊዜ ከማዶ መጡ። ቆንጅትን በቃሬዛ ተሸክመው፣ አሸዋው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው። በአጠገባችን አለፉ። አያ አራጌ ሳይቆም፦ "ጥሩ መኪና ነው ኡበይድ። ነዳጅ አይበላም። ቆሞ ነዋ የሚውለው።"

ማንም አልሳቀም።

ወርጄ አንዱን እጀታ ያዝኩ። ሴት ቃሬዛ አትሸከምም ያለኝ የለም፣ ትከሻ ጎድሎ ነበር። ኡበይድም ከኋላ ገባ። እስከ አስፋልት በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ።

ወንድ ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሀምዱሊላህ። ቆንጅት እጄን ይዛ "ፒካፑ ተበላሸ እንዴ?" አለችኝ።

ሐምሌ 24

በዚህ ጊዜ እንድንቀመጥ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የሸህ ዒምራን በረንዳ ላይ። እማ፣ ኡበይድ፣ ሚኪያስ፣ አያ አራጌ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ኡበይድ የቀደደውን ገጽ አስቀመጠ። እሱን መጀመሪያ አነበብኩ፣ አንድ ቁጥር ሳልዘል። ከዚያ ቀጣዩን።

ጥቂት እንደሄድኩ ሸህ እጃቸውን አነሡ። "ስንት ጊዜ ነው ጎብዬ ያልሽው?"

"አሥራ አንድ። ገና መጋቢት ላይ ነኝ።"

አያ አራጌ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

ኡበይድ ጆሮው ቀላ። "ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?"

"የጻፍኩት ለቤት ነበር። ሰው ፊት ያወጣኸው አንተ ነህ። በግማሹ።"

ሸህ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ ዞረው፦ "ያልተጠየቀች ወራሽ ካለች ልውውጡ አላለቀም።" ሚኪያስ እንደ መተንፈስ አለ። "ወላሂ፣ ክርስቲያን ብሆንም ወላሂ፣ ልመልስ ዝግጁ ነኝ። ናፍጣ ፍለጋ ሰለቸኝ። ሱቄ አስፋልት ዳር ነው፣ ትንሿ ትበቃኝ ነበር።" እዚህ ላይ ሁሉም ሳቀ። እኔም።

እማ ስንመለስ መንገድ ላይ፦ "ያን ቀን ስለ ስኮርታው... ፈገግ ማለት አልነበረብኝም።" ሌላ አልጨመረችም። በቃኝ።

ነሐሴ 3

ከአሸዋው የወጣችው ትንሿና የተጨመረው ብር ለሚኪያስ ሄዱ፣ ፒካፑ ተመለሰ። አቧራ ለብሶ፣ ታንኩ ባዶ። ኡበይድ ቁልፉን ቀበቶው ላይ አንጠለጠለ።

"ያው ተመልሶልሻል። አሁን ምን ቀረሽ?"

"ቁልፉ።"

እማን አየ። እማ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ቁልፉን ፈታ፣ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። በእማ በር አጠገብ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። ደብተሩንም ከሥሩ በክር አሰርኩት።

ናፍጣ ውድ ነው። ነገም ይጨምር ይሆናል። ያንን ከእኔ በላይ የቆጠረ በዚህ ቤት የለም። ስለዚህ ጎብዬ በሚኒባስ ይኬዳል። ቆቦ ገበያ በባጃጅ። ፒካፑ ለጭነትና ለታማሚ ነው፣ ለማዶዎቹ ቃል ተገብቶላቸዋልና። ያነሣው ሰው ይጽፋል፣ እኔም ጭምር። ዛሬ ከሰዓት ኡበይድ ማዳበሪያ አምጥቶ ጻፈ። አንድ መስመር፣ በተንጋደደ ጽሑፍ። ሊትሩንም አልዋሸም።

"አያ" ግን ገና ከአፌ አልወጣም። አልቸኩልም።

ቀልድ ተብሎ ስኮርታ ይድረስሽ መባልን አልቀበልም። ከተወሰነ በኋላ "አስቢበት" መባልን አልቀበልም። ከጻፍኩት ውስጥ የሚመቸውን ቀዶ በእኔ ስም የሚወስን ሰው ከእንግዲህ አልቀበልም። ወንድሜም ቢሆን።