የሟርተኛዋ ቅጂ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት
ያው ነው፣ ማስታወሻዬ። ሲስተሙን የሚይዘው ናሆም የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ «ስናፕሾት ተወስዷል» ብሎ ለጥፏል፤ የዲስክ ቅጂ ማለቱ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታሁን፦ አውራ ጣት። ሌሎቹም አውራ ጣት። አንዷ «አሜን»። ለምኑ ነው አሜን?
ዛሬ አላስቻለኝም። የኮምፒውተሬን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ፣ ክላውድ (የተከራየነው የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ያሉት የዲስክ ቅጂዎች እንዲዘረዘሩልኝ አዘዝኩ። ሁሉም የአንድ ዲስክ ናቸው፤ ሲስተሙ የተጫነበት። የታካሚዎቻችን የሲቲና የአልትራሳውንድ ምስል ያለበት ሌላው ዲስክ አንድም ቀን ቅጂ አልተወሰደለትም። አንድም ቀን!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከሰዓት
ለአቶ ጌታሁን ነገርኩት (አንቱ የምለው ቢሮ ብቻ ነው)። የምስሎቹን ዲስክ ቅጂ እንውሰድ፣ ከዚያ ሌላ ሰርቨር ላይ መልሰን ይሠራ እንደሆነ እንሞክር አልኩ። ፊቱን አጨማደደ። አታሟርቺብን፣ በጎ በጎውን ተናገሪ አለኝ። ናሆም ይስቃል። ስክሪኑ አረንጓዴ ካሳየ በቃ፣ ምን ያካብዳታል ይላል።
አረንጓዴ! ያንገፈግፉኛል።

አመሻሽ። ኦሎምፒያ። የታክሲው ሰልፍ አያልቅም። ካፌ ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ማንንም ሳላስፈቅድ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጻፍኩ። የምስሎቹ ዲስክ ቅጂ ተወሰደ። ያባርሩኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ናሆም ቅጂዬን አየ። የክላውድ መግቢያዬ ተዘጋ።
ታካሚያችን እትዬ ዘቢባ ከጎተራ መጡ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ጨርቅ ይሸጣሉ። ሲቲ ተነሱ። ሲወጡ ኩራታቸው! ማሽኑ ውስጥ ትንፋሼን እንኳ ዋጥ አድርጌ ነው የተኛሁት ይላሉ። ያነሳቻቸው ልጅም መሰከረች፤ እንደሳቸው ጸጥ ያለ ሰው አላየሁም አለች። ሳቅን። ምስሉን ሐኪማቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይፈልገዋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ጠፋ። ናሆም ጠዋት፣ ታካሚ ሳይገባ፣ የማያስፈልጉ ዲስኮችን ላጽዳ ብሎ የምስሎቹን ዲስክ ሰረዘ። አረንጓዴ ያሳዩለትን ቅጂዎች መለሰ። ሲስተሙ ተነሳ፣ የመግቢያ ገጹ ያምራል፣ ውስጡ አንድ ምስል የለም። ላቡን አየሁት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
መግቢያዬን ከፈቱልኝ። የማክሰኞዋ ቅጂዬ አለች፤ ለማጥፋት እንኳ ሰንፏል። እሷን መለስኩ። ሁሉም መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ከተነሱት በቀር። የረቡዕ ታካሚዎች የሉም።
አቶ ጌታሁን ግሩፑ ላይ ፈጣሪንና ናሆምን አመሰገነ። አውራ ጣት። አሜን። እኔን ቢሮ ጠርቶ፣ አፍሽ ነው ያመጣው አለኝ። አፌ!

ዓርብ፣ ኅዳር 12
የረቡዕ ታካሚዎች እንደገና ይነሱ ተባለ። እሺ። ምን ተብለው? አቶ ጌታሁን ሪሴፕሽኗን ሲያስጠናት ሰማሁ፦ «ሲነሱ ተንቀሳቅሰው ነበር፣ ምስሉ ደብዝዞ ወጣ በያቸው።»
እትዬ ዘቢባን! ትንፋሻቸውን የዋጡትን ሴትዮ! ደግሞ ያምናሉ እኮ። እኔው ነኝ ጥፋተኛዋ ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ተመልሰው ማሽኑ ውስጥ ይተኛሉ።
ሪሴፕሽኗ እንድትደውል የታዘዘችው ከምሳ በኋላ ነው። ቁጥራቸውን ይዤ ወጣሁ። መስቀል ፍላወር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፣ ይጠራል። አልተንቀሳቀሱም እላቸዋለሁ። ምስልዎን ያጠፋነው እኛ ነን እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ አቶ ጌታሁን የፈለገውን ያድር—
አነሱ።