እማዬ ያልተሳፈረችበት አውሮፕላን

ውድ ታናሼ፣

«አምጪልኝ ብዬሽ አልነበረም?» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። እውነትሽን ነው፣ ብለሽኝ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ እማዬን ሳላመጣልሽ የቀረሁበትን ልንገርሽና ከዚያ የፈለግሽውን በዪኝ።

ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያን ሁሉ መንገድ በመኪና እንደማትችለው ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል። እናንተ ከተማ የሚያርፈው ደግሞ ያ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ብቻ ነው፤ እሱም ለእድሳት እኛ መሥሪያ ቤት ሆዱ ተዘርግፎ ቆሞ ነበር። ወለሉም፣ የግድግዳው ልባስም፣ የሻንጣ መደርደሪያውም አልቆ የቀረው የእኔ ሥራ ነበር፣ ወንበር ማልበስ። እማዬ ከሥራ በገባሁ ቁጥር «ሰፋሽው ወይ?» ትለኛለች። ልብሷን አሳጥባ፣ ሻንጣዋን አዘጋጅታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣለች። አንዳንዴ «ይቺ አውሮፕላን ከእኔ በላይ አረጀች እንዴ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ወንበሮቹን ስንጀምር የለመድነው ማስቲሽ አለቀና ሌላ ዓይነት ተገዛ። ጨርቁም ስፖንጁም ለየብቻቸው በእሳት ተፈትነው ስላለፉ ማንም ልብ አላለም። እኔን ግን የማስቲሹ ሽታ ደስ አላለኝም። ወንበሮቹ ሊያልቁ ሲሉ ከቁርጥራጩ አንዱን ጨርቅ ከስፖንጅ ጋር በእሱ አጣብቄ ለኮስኩት። እሳቱን ሳርቅለት ወዲያው መጥፋት ሲገባው እየተንቀለቀለ እስከ ጫፉ ነደደ።

አጠገቤ ማንም አልነበረም። ዝም ብል ኖሮ እማዬ በሳምንቱ አንቺ ጋ ነበረች። ታናሼ፣ አልዋሽሽም፣ ዝም ልል ፈልጌ ነበር። የተቃጠለውን ቁራጭ ይዤ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ ወስጄ ለአለቃችን አሳየሁት። የለበሰው ወንበር ሁሉ ይገፈፍ፣ እንደገና ይሠራ አለ። ይህም አንድ ወር ፈጀ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። «ሰው የሚሳፈርበት አይደል? ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ቀጥላ ሻንጣውን እንድፈታላት ለመነችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አውሮፕላኑ አንድም ቀን አላነሣችም። ወሩ ሳይሞላ ዐረፈች። ያን ስልክ የዘጋሽብኝም ያኔ ነው።

አውሮፕላኑ ዛሬ ጠዋት ወደ እናንተ ተነሣ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ሲያጨበጭብ እኔ ስፌት ክፍል ቀረሁ። ዋይ ዋይ እያልኩ አለቀስኩ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ።

ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣም እናገራለሁ። ይቅር በዪኝ የማልልሽ ለዚህ ነው። ከተቀየምሽኝ ግን እዚሁ መጥተሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ ተቀየሚኝ። ቤቱን ብቻዬን አልቻልኩትም።

ታላቅሽ