በቅርቡ ታይቷል

ጥቅምት 4

ሁለት ሽርጥ፣ አንድ ሻርፕ። ለገበያ ቀን ይሄ ምኑ ሽያጭ ነው? ዝናቡም ቀኑን ሙሉ ሲያስፈራራ ዋለና ሳይዘንብ ቀረ።

ከአስር ሰላት በኋላ አማቴ እንደ ልማዳቸው ሱቅ መጡ። አዮ ሸምሳ። አዮ እናቴ እንደማለት ነው፣ እኔም እንደ ልጃቸው እንደዚያው ነው የምጠራቸው። ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ "ሳሊምስ?" አሉ። ባሌ ሳሊም፣ ሞያሌ እቃ አድርሼ እመለሳለሁ ብሎ ከነገሌ ከወጣ አራተኛ ወሩ። ከሞያሌ ናይሮቢ ተሻገርኩ አለ። ከነሐሴ ወዲህ ግን ድምፁ የለም። ቢደወል አይነሳም። የቀረችን ያቺ በነጻ የምንጻጻፍባት አፕ ናት።

ከፈትኩላቸው። ከስሙ ሥር "በቅርቡ ታይቷል" ይላል። አነበብኩላቸው።

"ማን ነው ያየው?" አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ማንም አላየውም አዮ፣ አፑን ከፍቶ ነበር ለማለት ነው... ልላቸው ነበር። ፊታቸው ሲበራ አይቼ ተውኩት።

ስሙ አጠገብ አንዲት ወርቃማ ኮከብ አለች። ድሮ አልነበረችም። ታምራለች።

ጥቅምት 9

ወሬ መጣ። ናይሮቢ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ የኛ አገር ልጆች አለቁ ይላል። ስም የለም። ቀኑን የሚያውቅም የለም።

እኔ ልብስ አጥፌ መደርደር አቃተኝ። አዮ ግን ምንም አልመሰላቸውም። "ታይቷል ተብሏል'ኮ" አሉኝ። ለዚያ ላየው ሰው በየሰላታቸው ዱዓ እያደረጉ ነው። ጉድ እኮ ነው... ለማሽን።

"በቅርቡ" ስንት ቀን ነው? ከአደጋው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ጥቅምት 10

"ደህና ነኝ ብቻ በል" ብዬ ላክሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም። አልመለሰም።

ጥቅምት 15

ዛሬ አዮ ስልኬን አገላብጠው አይተው፣ "ይሄ ነገር ግን በምን ይኖራል?" አሉ።

"ነጻ ነው አዮ።"

"አንቺ ነጋዴ አይደለሽም? በነጻ የሚሰጥ ነጋዴ የት አየሽ?"

አጠገባችን ሞባይል የምትጠግነውን ዮርዲን ጠራኋት። የመምህር ኃይሌ ልጅ፣ የማታውቀው የለም። ማስታወቂያ አለ አለች። ትልልቅ ሱቆች ለደንበኞቻቸው ለመጻፍ ይከፍላሉ አለች። "ከዛ ደግሞ የሚከፈልበት አለ። በነጻው የጎደለሽን በገንዘብ ይሞሉልሻል።"

"እኔ ምን ጎደለኝ?"

"ሰዓቱ። 'በቅርቡ' የሚልሽ ሰዓቱ ተደብቆ ነው። ብትከፍይ ቀኑንም ሰዓቱንም ያሳይሻል።"

ደነገጥኩ። እኔ የጎደለኝን ለማንም አልተናገርኩም፣ እነሱ ግን ዋጋ አውጥተውለታል።

ጥቅምት 16

አልከፍልም። ሚስቱ ነኝ እንጂ ደንበኛ አይደለሁም።

ጥቅምት 22

ከፈልኩ።

በኛ ብር አይቻልም አሉ። የውጭ ካርድ ያለው ሰው አዲስ አበባ አለ፣ የራሱን ድርሻ ቆርጦ ይከፍልልሻል ተባልኩ። ዮርዲ ላከችለት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ከስሙ ሥር የነበረው ጽሑፍ ተቀየረ። "ዛሬ 9፡12።" በኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአስራ ሁለት። ዛሬ። አልሞተም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ደግሜ አልኩ። ዮርዲ አልተቀመጠችም፣ አላቀፈችኝም። ምን ሆና ነው? አልኩ በልቤ።

ከዛ በኔም ስም አጠገብ ኮከብ መውጣቷን አየሁ። "ይቺ ምንድን ናት?"

"የከፈለ ሰው ምልክት ናት።"

"ሳሊም'ኮ አለችው..."

የራሷን ስልክ አውጥታ ስሙን ፈለገች። ባለፈው ዓመት ስልኩን ስትጠግንለት የመዘገበችው ቁጥር ነው። እሷ ኮከብ የላት፣ ምን የላት። ከስሙ ሥር "ዛሬ 9፡12" ይላል።

"ለኔ በነጻ ይታያል" አለች። "ከሁሉም የደበቀ መስሎኝ ነበር... ለሁሉም መደበቅ በነጻ ነው ፈርሃና። ለአንድ ሰው ብቻ መደበቅ ነው በክፍያ።"

እኔ ላየው ከፈልኩ፣ እሱ እንዳላየው ከፈለ። ገንዘባችን ቢያንስ አንድ ቦታ ተገናኝቷል።

ጥቅምት 23

አሞኛል ብዬ ሱቅ አልከፈትኩም። ውሸትም አይደለም።

ጥቅምት 26

ጠዋት ገባ። ምሳ ላይ ገባ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ ብዙ ቆየ። ከማን ጋር? ሌላ ሴት ናት? ወይስ ሥራው አልሆን ብሎት አፈረኝ? ባዶ እጁን ቢመጣ የማልቀበለው መሰለው? ብር አምጣ አላልኩት፣ ወርቅ አላልኩት... ስልኩን እያየሁ ሦስት ደንበኛ መለስኩ።

ሞቷል ብለውኝ ቢሆን አለቅስና ሰው ያስተዛዝነኝ ነበር። ለዚህ ማን ይመጣል?

ጥቅምት 29

አዮን መዋሸት አልቻልኩበትም። ግን በቀጥታም አልነገርኳቸውም። "ያ በምን ይኖራል ያሉኝ ነገር..." አልኩ። "ለማየትም ያስከፍላል፣ ለመደበቅም ያስከፍላል።"

"ደላላ ነዋ" አሉ ወዲያው። ሟቹ ባላቸው አቶ ዶዮ የከብት ገበያ ደላላ ነበሩ። "ዶዮ፣ አላህ ይዘንለት፣ በጋቢው ሥር የሻጩን ጣት ይጨብጣል፣ ዞሮ የገዢውን ይጨብጣል። አንዱ ያለውን ዋጋ ሌላው አያውቅም። እሱ ከሁለቱም ይበላል።" ሳቅ አሉ። ትንሽ ቆይተው ሳቁን ተዉት።

"ልጄ ነው የከፈለው?"

ስልኬን ገልብጬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ።

"ካንቺ ለመደበቅ?"

"አዎ አዮ።"

ሻርፓቸውን አስተካከሉ። መንገዱን አዩ፣ ባጃጆቹን።

"ከኔማ ምን አስከፈለው" አሉ። "እኔ ስልክ የለኝ።"

ኅዳር 6

ወደራ የሚኖረው ሌላው ልጃቸው አዮን ልውሰድ ብሎ መጣ። እሳቸው እምቢ አሉ። "ፈርሃናን ለማን ትቼ?" አሉት እኔ እየሰማሁ። እቃ ላወጣ መስዬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

ኅዳር 21

ነገ የከፈልኩበት ወር ያልቃል። አፑ "ይታደስ?" እያለ ይነዘንዘኛል። በቀን ሦስቴ።

ኅዳር 22

አላደስኩም።

ኮከቧ ከስሜ ላይ ጠፋች። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ... ለኔ እንኳ ቀለል አለኝ።

አዮ ከአስር ሰላት በኋላ መጡ። ወር ሊሞላ ነው ስለሱ ካልጠየቁኝ፣ "በላሽ?" ብቻ ነበር የሚሉኝ። ዛሬ ግን፣ "እስቲ አንዴ ላናግረው" አሉ። የድምፅ መልእክት ከፍቼ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። እንደ ጎረቤት ሰው ቁጥብ ብለው ጀመሩ።

"ሳሊም፣ ናጋ? ደህና ነህ? እኔ ነኝ። ኢልማ ኮ... ልጄ፣ ለመደበቅ ገንዘብህን አትጨርስ። ብላበት። እኛ አንፈልግህም።"

እኛ አንፈልግህም ያሉት እየፈለግን አናስቸግርህም ለማለት ነው። እንደዛ ነው የገባኝ። ወይስ ሌላውንም ማለታቸው ነው? አልጠየቅኩም። ላክሁት።

"አሁን ምን ይላል?" አሉኝ።

አየሁ። "በቅርቡ ታይቷል ይላል፣ አዮ።"

ማን አየው አላሉም።