የለችም የተባለችው ድመት ፀጉሯ ተበጥሮ ስለመገኘቱ

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃዎቻችን አስተዳደር ኃላፊ፣
ከፍ ባለው ወንበርዎ ላይ ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎት ከጸሐፊዎ ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። ለወገብ ሕመም ደረጃ መውጣት ፍቱን ነው ይላሉ። የእኛ ሕንፃ ሊፍት ለነዋሪው ጤና ታስቦ ከቆመ ስለቆየ፣ አንድ ቀን ጎራ ብለው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ቢወጡ እርስዎም ይፈወሳሉ፣ እኛም እናርፋለን።

እኔ ሁለተኛ ፎቅ የምኖረው ፀጉር ሠሪ ነኝ። ስለሚያፈስ ቧንቧ ስመላለስ ቢሮዎ ውስጥ "የቧንቧዋ ሴትዮ" የሚል ስም የወጣልኝ እኔው ነኝ። ዛሬ ግን ስለ ቧንቧው ላመሰግንዎት እንጂ ላማርርዎት አልመጣሁም፤ ምስጋናው ከየት እንደመጣ ወደ ታች ያገኙታል። ደብዳቤዬን በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ማመልከቻ ማንበብ እንደሚያደክምዎት ስላየሁ፣ ብቻዎን ከሚለፉ ሰው ሁሉ ያንብብልዎት ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ትኖር ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላት ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት አንዲት ድመት ነበረች። ድመት ስል ደግሞ ቆሻሻ ገንዳ ላይ የምናውቀው ዓይነት እንዳይመስልዎት። የፋርስ ዘር ናት፣ ፐርሺያን ይሏታል፤ አንዲት ደንበኛዋ አገር ለቃ ስትሄድ ትታላት የሄደች፣ ዘር ማንዘሯ የሚቆጠር ነጭ ድመት። እኔ ከአያቴ ወዲያ መቁጠር አልችልም፤ እሷ ግን እስከ ቅድመ አያቷ ድረስ ትታወቃለች። እትዬም ለዚህ ክብሯ ስትል "እሜቴ" ትላት ነበር። እሜቴ ትበላለች፣ እሜቴ ተኝታለች፣ እሜቴ ዛሬ ከፍቷታል። እኔም እሑድ እሑድ ማበጠሪያዬን ይዤ እየወጣሁ አበጥራት ነበርና የእሜቴን ጠባይ እንደ ልጆቼ ጠባይ አውቀዋለሁ።

እትዬ አንድ ጠዋት ደረቷን ይዛ ሆስፒታል ሄደች፤ አልተመለሰችም። ወራሽ እስኪገኝ ተብሎ ቤቷ ታሸገ። እሜቴም ከውስጥ ቀረች። ደብዳቤዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች የዘረዘርኩት የዚህን ዘር ጠባይና የሚያስፈልገውን ነገር፣ እናንተም ለእያንዳንዱ ያደረጋችሁትን ውለታ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጆሮዋ። ከዚህ ዘር ነጭ ሆኖ ሁለቱም ዓይኖቹ ሰማያዊ የሆነ ድመት ብዙ ጊዜ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም፤ እሜቴም አትሰማም። እትዬ ስትጠራት በተረከዟ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች፤ ንዝረቱ በእግሯ ሲደርሳት ከቁምሳጥኑ ከጨርቆቹ መሃል ተነሥታ ትመጣለች። የእትዬ ወለል የእኔ ጣሪያ ነውና፣ ሲመሻሽ ዱም ዱም ሲል "እሜቴ ራት ቀረበላት" እያልኩ ለዓመታት ኖሬያለሁ። ሠራተኞችዎ ሊያሽጉ ሲመጡ ሕንፃው በሙሉ ቀብር ሄዶ ነበር። እኛ እሷ ላይ አፈር ስንመልስ እናንተ በሯ ላይ ማኅተም ስትመቱ፣ ሁሉም በየሙያው ተሰማርቶ ነበር ማለት ነው። የቀረው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እትዬ ደንባችሁን ፈርታ ትደብቃት ስለነበር እሱ ድመት መኖሯን አያውቅም። "እናቴ ትሙት እህቴ፣ በደንቡ መሠረት ነው የጠሩት" አለኝ። "ሦስት ጊዜ አንኳኩ፣ ሦስት ጊዜ ሰው አለ ወይ አሉ፣ እኔ ራሴ በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።" ለማትሰማ ድመት ሦስት ጊዜ አንኳኩታችሁ መልስ ስትነፍጋችሁ ስላልተቀየማችኋት አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ውሃዋ። ምስጋናው እዚህ ጋ ነው። ከእትዬ መታጠቢያ ቤት የሚወርደው ቧንቧ ማፍሰስ የጀመረው መቼ እንደሆነ እኔም ረስቼዋለሁ። አመለከትኩ፣ ቀጠራችሁኝ፤ ደግሜ አመለከትኩ፣ ደግማችሁ ቀጠራችሁኝ። በመጨረሻ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ልካችሁ፣ ሰውየው ቧንቧው የሚያልፍበትን የመታጠቢያ ቤቴን ጣሪያ እስከ ላይ በሳው፣ ወደ ውስጥ ተመለከተ፣ "ይሄማ የጉድ ነው" አለ፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ነገው እስካሁን አልነጋም። ክቡር ሆይ፣ እሜቴ የምትጠጣው ያንን ፍሳሽ ነው። ቧንቧው በወቅቱ ተጠግኖ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በጥም አልቃ ነበር። ስንፍናችሁ ነፍስ አድኗልና እግዜር ብድራችሁን ይክፈል።

ሦስተኛ፣ ስለ ምግቧ። የዚህ ዘር አፍንጫ ወደ ውስጥ የገባ፣ ፊቱም በሳህን የተመታ ይመስል ጠፍጣፋ ነው። አድኖ መብላት የሚባል ነገር አያውቅም፤ እሜቴ አይጥ ብታይ መንገድ የምትለቅ ናት። ስለዚህ ሠራተኛችሁ በተወልኝ ቀዳዳ በኩል፣ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ የተፈጨ ሥጋ በረጅም ማማሰያ እያቀረብኩላት ነው። አንድ ነጭ እጅ ከጣሪያው ብቅ ይልና እያነሣ ይሄዳል። ባለቤቴ "አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ቤት እኮ ከእኔ ቀድሞ ጣሪያው ነው የሚበላው" ይላል። ይበል፤ ሥጋውን ገዝቶ የሚያመጣው ራሱ ነው።

አራተኛ፣ ስለ መኖሯ። ይህን ሁሉ ለጸሐፊዎ ባስረዳ፣ በሕንፃው ደንብ እንስሳ ማኖር የተከለከለ ስለሆነ ድመት ልትኖር እንደማትችል በትዕግሥት አስረዱኝ። "እጇን እኮ በየቀኑ አያለሁ እመቤቴ" ብላቸው፣ "እንግዲያው ከታሸገ በኋላ ነው የገባችው፤ ያ ደግሞ ማኅተም መድፈር ነው፣ በወንጀል ያስጠይቃታል" አሉኝ። እኔም ማኅተሙን ልቆርጥ መቀስ ይዤ አንድ ቀን በሩ ድረስ ወጥቼ ነበር፤ በሩ ላይ የጻፋችሁትን የእስራት ማስጠንቀቂያ አንብቤ ተመለስኩ። ሰው ታስሮ የድመት ራት አያቀርብም።

አምስተኛ፣ ስለ ድምፅዋ። ይህ ዘር ዝምተኛ ነው ይላሉ። የራሷን ድምፅ የማትሰማ ግን ምን ያህል እንደምትጮህ አታውቅም፤ እሜቴ ስታለቅስ በልጅ ድምፅ ነው። አፍንጫዋም አጭር ስለሆነ ስትተነፍስ ታንኮራፋለች፤ ትንፋሽዋ በቧንቧው ተጉዞ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል። ዘበኛው ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አቁሟል። ከጎኗ ያሉት ባልና ሚስት አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀዋል። ሁሉም እትዬ ናት የምታለቅሰው ብሏል። እኔ ድመት ናት፣ ድመት ናት እያልኩ ስለፋ ከረምኩ።

አሁን ግን መልፋቱን ትቻለሁ፤ ምክንያቱን ልጻፈው። በመጀመሪያው ሰሞን እሜቴን የምጠራት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዬን ሁለቴ እየመታሁ ነበር። አንድ ቀን ሲመሻሽ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ መጥረጊያው ጥግ ላይ ቆሞ እያየሁት፣ ከላይ ዱም ዱም አለ። ተረከዝ ነው። የማውቀው ተረከዝ፤ ቀኝ ጉልበቷን ያማት ስለነበር ሁለተኛው ከመጀመሪያው ላላ የሚል። ከዚያ ለስለስ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ ቀዳዳው ላይ ነጩ እጅ። ባለቤቴ የጎረሰውን ሳይውጥ "ቧንቧ ነው" አለ። ቧንቧ ለራት አይጠራም አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ መጥረጊያውን ለወለሉ ብቻ ነው የማነሣው። ባለቤቴም ዱም ዱም ሲል ቀና ብሎ "ደህና አመሸሽ እትዬ" ማለት ጀምሯል፤ እኔን እንኳ እንዲህ በአክብሮት ብሎኝ አያውቅም።

ስድስተኛ፣ ስለ ፀጉሯ። የዚህ ዘር ፀጉር ረጅምና ስስ ነው፤ በየቀኑ ካልተበጠረ ይቆላለፋል፣ እንደ ተረገጠ ሱፍ ይሆንና ቆዳዋን እየሳበ ያቆስላታል። ዓይኗም እንዲሁ ነው፤ ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንባዋ መውረጃ አጥቶ ይፈሳል፣ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠረገ ከሥሩ ቡናማ መስመር ይሠራል። ከታሸገችበት ጊዜ አንፃር እሜቴ እስከዛሬ አንድ ቁራጭ ምንጣፍ መሆን ነበረባት። ያንን እያሰብኩ እንቅልፍ ስላጣሁ፣ ማበጠሪያ ከማማሰያው ጫፍ አስሬ በቀዳዳው ሰደድኩላት። ጉንጯን አሻሸችበት፣ አንገቷን አሻሸችበት። አውርጄ በመስኮቱ ብርሃን የመጣውን ፀጉር አየሁት።

ክቡር ሆይ፣ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የመንፈስን ነገር አላውቅም፣ አምናለሁም አላልኩም። የማውቀው ፀጉር ነው። ያልተበጠረ ፀጉር ከነቋጠሮው ነው የሚነቀለው። ይሄ ግን አንድ በአንድ የወጣ፣ እንደ ሐር የሚንሸራተት፣ ትናንት የተበጠረ ፀጉር ነበር። በርጩማው ላይ ተመልሼ ወጥቼ ወደ ቀዳዳው ቀና ብል፣ አንድ ሰማያዊ ዓይን ቁልቁል አየኝ። ከሥሩ እንደ ወረቀት ነጭ ነው፤ መስመር የለበትም።

እንባዋን ማን እንደሚያብስላት አልጠይቅዎትም፤ እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንተሳሰብ። ውሃው የቧንቧችሁ ነው። ምግቡ የእኔ። መጥራቱን፣ ማበጠሩን፣ እንባ መጥረጉን የሚሠራው ደሞዝም ጡረታም የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው። የቀረው በር መክፈት ብቻ ነው፤ ያ ከእናንተ በቀር ማንም የማይችለው ሥራ ነው። እትዬ ብትችል ኖሮ ለእናንተ አትተወውም ነበር።

ይህን ሁሉ ታግሼ የኖርኩ ሴት ዛሬ አደባባይ ያወጣኝ፣ ትናንት በሬ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ነው። ሰኞ ሠራተኞች መጥተው የታሸገውን ቤት የውሃ መስመር ከሥር ይዘጋሉ፣ የመታጠቢያ ቤቴንም ቀዳዳ በሲሚንቶ ይደፍናሉ፤ ማኅተሙ ግን አይነካም ይላል። ለዓመታት የለመንኩት ሥራ በአንድ ሰኞ ሊያልቅ ነው። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንዲህ ብዬ የምለምን አልመሰለኝም ነበር፤ እባክዎ ይህችን አንድ ጊዜ ሥራዎን አይሥሩ። ወይም ከሠሩ አይቀር በሩን አስቀድመው ይክፈቱና ድመቷን ይስጡኝ። ከቤቱ አንዲት መርፌ አልነካም፤ ወራሽ ሲመጣ የስፌት መኪናውንም ቁምሳጥኑንም በአቧራው ያገኘዋል። ድመቷንም ከፈለጋት፣ ማበጠር የሚችል ከሆነ እሰጠዋለሁ።

አለበለዚያ ከሰኞ በኋላ የምሰማውን ልንገርዎት። ሲመሻሽ ዱም ዱም ይላል። ከዚያ ሩጫ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ መቧጨር። ጥቂት ቀን እንዲህ ይሆንና፣ አንድ ቀን ሲመሻሽ ዱም ዱም ይላል፣ ሩጫ የለም። እንደገና ዱም ዱም ይላል። እኔ ከሥር ተቀምጬ ያንን ጥሪ እየሰማሁ ልኑር? የሞተ ሰው ጠርቶ መልስ ሲያጣ፣ መጥራቱን መቼ እንደሚያቆም ደንባችሁ ላይ ተጽፎ ከሆነ ቢያሳውቁኝ ውለታዎን አልረሳም።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለወንበርዎ ዕድሜን፣ ለማኅተምዎ የማያልቅ ቀለምን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከእትዬ ወለል ሥር ሆኜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

አክባሪዎ፣
የቧንቧዋ ሴትዮ፣ ከሁለተኛ ፎቅ

ማሳሰቢያ፦ ሊከፍቱ ሲመጡ አያንኳኩ፤ አትሰማም። በተረከዝዎ ወለሉን ሁለቴ መታ መታ ያድርጉ። ከውስጥ ሁለቴ ከተመለሰልዎት ድመቷ እንዳትመስልዎት፣ የእሷ እግር ጥጥ ነው። ወገብዎን አስበው አይሩጡ፤ "ደህና አመሹ" ብለው ይግቡ፣ እትዬ በሯ ላይ ቆሞ ዝም የሚላትን ሰው አትወድም። ከሰኞ በፊት ካልመጡም ግድ የለም። የቢሮዎ ጣሪያ የእንጨት መሆኑን በቀዳዳው በኩል ለእትዬ ነግሬያታለሁ።