የዲኤክሷ ሻንሲ ቁጥር

ጎይቶም፣

የዲኤክሷን ኮፈን አትዝጋው፤ ቀለሙ አልደረቀም።

«ነገ ለምርመራ ስለምትቀርብ ሞተሯ ጋ እንኳ እንደ አዲስ አድርጋት» ያልከኝ አንተ ነህ። እኔም ዝገቱን በግራይንደርና በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ ስቱኮ መታሁ፣ ጥቁር ቀባሁ።
አማረች። ማርያምን፣ አማረች።

ከሞተሩ ጀርባ ላሜራው ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ሆኗል። ከዝገቱ ጋር አብሬ ፍቄዋለሁ።

ራስ መኮንን ድልድይ ወርጄ አንድ ቀጥቃጭ ጠየቅሁ። «መልሶ መምታት ያሳስራል» ብሎ መለሰኝ።
መርማሪው ሲጎነበስ ምን እንደምትለው አላውቅም።

ሽሮ አለ፣ አሙቀው። እህቴ ጋ ነኝ፤ ዓይንህን ማየት አቃተኝ።

ሊብሬው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቁጥሩ እዚያ አለ። መኪናዋ ላይ ግን የአባትህ ነበረች የሚል ነገር አላስቀረሁልህም።

ኢዩኤል