የተሰነጠቀው የዛጎል አምባር

ካሪ ዳር ጉብታ፣ ኩች
ማግ ወር 12 ቀን

ለተከበሩ እናቴ፣

እግርዎን በእጄ ነክቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዚህ ብርድ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ፍየሏስ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ። ከካሊ በዓል ማግስት ወዲህ ዶማውን ትቼ ቁጭ ብዬ በብሩሽ የምሠራውን ሥራ ሰጥተውኛል።

የሚስቴ የሺውሊ የጋብቻ አምባር በካሊ በዓል ማግስት ተሰንጥቆ፣ እርስዎም «አምባሯ የተሰነጠቀባት ሚስት ባሏን ትቀብራለች፤ የልጄን ዕድሜ ልታሳጥር ነው» ብለው ወደ አባቷ ቤት እንደ ሰደዷት የአጎቴ ልጅ በስልክ ነገረኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቀመስሁት ሁሉ አፈር አፈር ይለኛል። ቁጣዎ ለእኔ ከመሳሳት የመጣ መሆኑን አውቃለሁና ሚስቴን በመደገፍ አልከራከርዎትም። ያየሁትን ብቻ ልንገርዎት።

የምንቆፍረው ከተማ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት መቃብሮች ጎን ለጎን ተከፈቱ። በአንደኛው ያለችው ሴት፣ ልክ እንደ እኛ አገር ሚስቶች፣ ነጭ የዛጎል አምባር አጥልቃለች። አፈሩን ስጠርግ አምባሩ ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ ስንጥቁ ግራና ቀኙ ተበስቶ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። ብሩሼን ጥዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

«ምነው፣ ሟቿ ቆነጠጠችህ እንዴ?» አለኝ አለቃችን ጌላባይ።

የቁፋሮውን ኃላፊ ጠየቅኋቸው። «እትዬ ማላቲ፣ ባሏ በልጅነቱ ተቀጭቶባት ይሆን?»

ወደ ጎረቤቷ መቃብር ጠቆሙኝ። «እስቲ ጥርሱን እየው! ቂጣ ሲያኝክ ኖሮ እስከ ድዱ ያለቀበት ሽማግሌ ነው። ግን ባሏ ነው ያለህ ማነው? ወንድሟስ ቢሆን?»

«ፊቱን አዙሮባት የተኛውን አያዩም፣ እትዬ?» አለ ጌላባይ። «ባል ካልሆነ ማን እንዲህ ያኮርፋል!»

ሁላችንም ሳቅን። እትዬ ማላቲ በእርግጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ግን አምኛለሁ። አምባሩ ተሰነጠቀ፣ አሰሩት፣ ሰውዬውም አረጀ።

ስለዚህ እናቴ ሆይ፣ ሺውሊን ራስዎ ሄደው ያምጡልኝ። ኩሩ ናትና መልእክተኛ ቢልኩባት አትመጣም። አምባሯንም አትጣለው፤ አንጥረኛው በሽቦ ይሰርላት።

ለሆሊ በዓል እመጣለሁ። የደጃችን ደረጃ ከፍ ስለሚል፣ አጎቴ ከሥሩ አንድ ዝቅ ያለ ድንጋይ ያኑርልኝ፤ ብሩሹን ከያዝሁ ወዲህ ቀኝ እግሬ ለጊዜው መውጣት ሰንፏል። የሚያሳስብ ነገር የለም።

አምባሩ የተሰነጠቀበትን ቀን ግን እባክዎ ዳግመኛ ለማንም አያንሱ። ለሺውሊ በተለይ።

ጥላዎ ከቤታችን አይራቅ።

ልጅዎ ናባኩማር